ውሃ የማያስገባ ጉማሬ

ልጄ ጉማሬ ልትሆን እንደሆነ የሰማሁት ከጎረቤቴ አፍ ነው። አንድ ጧት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ባለሙያው፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁት።

«ልጅዎ ለቴአትሯ ጭምብል እንድሠራላት ጠይቃኝ ነበር። የጉማሬ ራስ። እሺ ብያታለሁ፤ መቼም ቅር አይልዎትም።»

«ለምን ቅር ይለኛል?» አልሁት።

ቅር አለኝ። ቅር አለኝ ማለት እንኳ ያንሳል፤ ቀናሁ። እስከዚያ ጧት ድረስ ሰው በእኔ እጅ ሲቀና እንጂ እኔ በሰው እጅ ስቀና አላውቅም።

ይህን ስል ባዶ ጉራ እንዳይመስል ማን እንደሆንሁ ላስረዳ። ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው ከሚያመላልሱት ጀልባዎች መካከል ሆዱን ያልዳበስሁት ጥቂት ነው። የፋይበር ጀልባ ወደ ጣና ሲመጣ የሚጠግነው ሰው አልነበረም። አንዱ አለት ላይ ወጥቶ ተቀደደና ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ላስመጣ ሲል፣ እኔ ስባሪውን አንስቼ አገላበጥሁት። ጨርቅ ነው፤ ጨርቁን ያደረቀው ደግሞ ሙጫ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሙጫውን ሬዚን ይሉታል፤ ሲቀዱት ወለላ ማር ይመስላል፤ ማድረቂያ ጠብ ሲያደርጉበት ይሞቅና ድንጋይ ይሆናል። ማንም አላሳየኝም። ያን ጀልባ ጠገንሁት፤ እስከዛሬ ሰው ይጭናል። ከዚያም በፊት ቢሆን ራዲዮውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የሱቅ ማስታወቂያ ጽሕፈቱን፣ የጀልባ ሞተሩን፣ ሁሉንም በዓይኔ እየሰረቅሁ ነው የተማርሁት። ትምህርት ቤት የዘለቅሁት ፊደልና ቁጥር እስክለይ ነው። ቀሪውን ራሴ ጨመርሁበት።

ጎረቤቴ ግን ተምሮ ያወቀ ሰው ነው። ከሌላ አገር ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ መጥቶ፣ በጥገና ክፍል ዕድሜውን ጨርሶ፣ ጡረታ ሲወጣ እዚሁ ቀረ። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጆቹ ሩቅ ሩቅ ከተማ ናቸው፤ ድምፃቸውን የሚሰማው በስልክ ነው። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገብቶ፣ የደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቶ ነው አትክልት የሚያጠጣው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ልጄ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቷ ለወላጆች ቀን ቴአትር ያዘጋጃል፤ የሚጫወቱት መምህራኑ፣ የሚያዩት ልጆችና ወላጆች ናቸው። የዚያን ጊዜው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ባሕሩን የወረረው እምቦጭ፣ ያ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም፣ በባሕሩ እንስሳት ተከሶ ችሎት ይቀርባል። ከሳሾቹ አምባዛና ሻላ ናቸው። አሣውና ወፉ ከካርቶን የተቆረጠ ፊት ግንባራቸው ላይ ቢያስሩ ይበቃቸዋል። ዳኛዋ ግን ጉማሬ ናት፤ ዳኛ ደግሞ ሙሉ ራስ ያስፈልጋታል። ዳኛዋ ልጄ ናት።

እንግዲህ አስቡት። አባቷ ጠንካራ ነገር በመሥራት የታወቀ ነው። አባቷ ዓባይ ከባሕሩ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ እያየ ያረጀ ነው። እሷ ግን አጥር ተሻግራ ሄደች።

ምሳ ልትበላ ስትመጣ ጠየቅኋት። «ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«አባዬ፣ መደርደሪያ ጠይቄህ ነበር እኮ።»

ለክፍሏ የመጻሕፍት መደርደሪያ ብላኝ ነበር፤ እውነት ነው። ከጀልባ አግዳሚ የተረፈ ወፍራም ጣውላ ነበረኝና እንደሚገባው አድርጌ ሠራሁላት። በበሩ አልገባ አለ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ይቀመጡበታል፤ ዝናቡም ፀሐዩም አልደፈረውም።

«ያ መደርደሪያ እስከዛሬ አልተነቃነቀም» አልኋት።

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አለችኝ።

ሚስቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፣ «ተይው፤ ቀንቶ ነው» አለች። «ፊቱን አታይውም? ለእሱስ ጭምብል አያስፈልገውም።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንጀራዬን ጨርሼ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ጎረቤቴ በረንዳ ላይ የሚሆነውን ሳላይ መዋል አቃተኝ። የተዋስሁት መሰላል ነበረና እሱን ልመልስ ብዬ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ከፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ ወፍራም ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል። ወረቀቱ በመስመር ተሸንሽኗል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር አለው፤ ጠርዙ ላይ ለማጣበቂያ የተተወች ትንሽ ምላስ አለችው። እሱ ማስመሪያ ይዞ በደነዘ ቢላ መታጠፊያውን ይጭራል፤ ከዚያ ያጥፋል፤ ከዚያ ምላሷን ሙጫ ቀብቶ ከጎኗ ካለው ጋር ያገናኛል። ጠፍጣፋው ወረቀት ቀስ በቀስ ሲጎብጥ ዓይኔ አየ። አፍንጫው ወጥቷል። የአፉ ስፋት፣ የጉንጩ እብጠት፣ ሁሉም አለ። ልክ ነበር። 

«ከየት ነው ይህን ያገኙት?» አልሁት።

«ከስልኬ። በነጻ የሚያወርዱት ንድፍ አለ። ልጅዎ ናት ያሳየችኝ።» ማስመሪያውን አስቀመጠ። «ባለሙያው፣ እንኳን መጡ። እርስዎን የምጠይቅዎት ነገር ነበረኝ። ይሄ ሲያልቅ መጠንከር አለበት፤ እንዲሁ ወረቀት ሆኖ አይቆይም። ያ የጀልባ ሬዚንዎ ይሆነው ይሆን? ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።»

«የሚጠብቁኝ ጀልባዎች አሉ» አልሁትና ወጣሁ።

ጀልባ አልጠበቀኝም። ሙያዬን አንስቼ ለተፎካካሪዬ የምሰጥ ሞኝ ግን አይደለሁም። እዚያው መንገድ ላይ ሳለሁ ወሰንሁ፤ የራሴን ጉማሬ ልሠራ ነው። ልጄ ሁለቱን ጎን ለጎን ታያለች። አይታ የእኔን ታደርጋለች። ሰው ሁሉ «ማን ሠራልሽ?» ሲላት «አባቴ» ትላለች። የምፈልገው ይህችን አንዲት ቃል ነበር።

ከባሕሩ ዳር ያለችው የሥራ ቦታዬ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ግማሽ ነው፤ ነፋስ እንደልቡ ይገባል፤ ለሬዚን ሽታ የሚሆነው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ለወረቀት የሲሚንቶ ከረጢት ሰበሰብሁ፤ እንደ እሱ ያለ ነጭ ወረቀት ለእኔ ልስልስ ነው። ያለ ንድፍ፣ በዓይኔ ለክቼ ቆርጬ አጠፍሁት። ጎመን መሰለ። ደግሜ ቆረጥሁ፤ ያም ጎመን ሆነ። ወረቀት እንደ ቆርቆሮ ተመትቶ አይጎብጥም፤ እንደ ጭቃም ተጭነው አያወጡትም፤ ወይ ይታጠፋል ወይ ይጨማደዳል። ከስልክ ንድፍ ማውረድ ደግሞ ሞቴ ነው።

አንድ ባለጀልባ ወዳጄን ለምኜ ጧት ጉማሬዎቹ ወደሚታዩበት ወሰደኝ። ሞተሩን አጥፍተን ጠበቅን። አንዷ ብቅ አለች። አየኋት፤ ጆሮዋ፣ ዓይኗና የአፍንጫዋ ቀዳዳ በአንድ መስመር ከውሃው በላይ ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ታች ነው። ስልክ ውስጥ ያለ ጉማሬ ይህን አይነግርም። ተመልሼ ከባሕሩ ጭቃ አውጥቼ፣ ጭቃውን እየረገጥሁ፣ እንዳየኋት አድርጌ ራሷን ቀረጽሁ። ጭቃው ሲጠነክር የከረጢቱን ወረቀት አርሼ አለበስሁት። ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በምላጭ እየሸነሸንሁ ላጥሁት፤ ልጣጩን ዘረጋሁት። ንድፍ ይሏል ይህ ነው። እሱ ከሰው የወሰደውን እኔ ከጉማሬዋ ወሰድሁት። ማንም አላስተማረኝም።

ወረቀቱን እንደገና ሰፋ አድርጌ ቆርጬ ሳጣብቀው ራስ ሆነ። ደስታዬ ግን ሬዚኑን እስክቀባው ድረስ ነበር። በጀልባ ላይ ሬዚን የሚቀባው ጠንካራ አካል ላይ ነው። ወረቀት ግን ሬዚን ሲጠጣ መጀመሪያ ይለሰልሳል። ይህን አላውቅም ነበር። ብሩሹን ሳስቀምጥ የጉማሬው አፍንጫ ቀስ ብሎ ወደ ታች ረዘመ፤ እያየሁት ደረቀ። ሚስቴ ምሳዬን ይዛ መጣችና ቆማ አየችው።

«ከርከሮ ነው?» አለች።

«ጉማሬ ነው።»

«ታሞ ነው?»

ሁለተኛውን ስሠራ ከውስጥ በደንገል አገዳ ደገፍሁት። ደንገል ታንኳ የሚታሰርበት ቄጠማ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይጎብጥም፤ ይህም የእኔ ፈጠራ ነው። አፍንጫው ቆመ። ነገር ግን በጀልባ ልማድ ማድረቂያውን አበዛሁበትና ጣሳው ውስጥ ያለው ሬዚን ጭስ አወጣ፤ የጉማሬው ግራ ጆሮ በሙቀቱ ተጠመዘዘ። ሦስተኛው ላይ ማድረቂያውን ቀነስሁ፤ መጀመሪያ ከውጭ በስሱ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ከውስጥ ፋይበር ጨርቅ ደርቤ ሬዚን አጠጣሁት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። ግራጫ ቀለም፣ ከአፉና ከጆሮው ዙሪያ ደግሞ የጉማሬዋን ሥጋ የመሰለ ደብዛዛ ሐምራዊ ቀባሁት። ለዓይኑ የጠራ ፕላስቲክ ቆርጬ ገጠምሁና ዙሪያውን በሬዚን አሸግሁት። በአፉ በኩል የልጄ ፊት እንዳይታይ በፋይበር ዘጋሁት።

ሲያልቅ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። እንደ ጀልባ ሆድ ጮኸ። ወደ ባሕሩ ወስጄ ገልብጬ አስቀመጥሁት፤ ተንሳፈፈ። ውሃ ሞላሁበት፤ ጠብ አላለም። ባለጀልባዎቹ ተሰበሰቡ።

«አያ፣ ሞተር ይግጠሙለትና ዘጌ ደርሰን እንመለስ» አለ አንዱ።

«መቅዘፊያ ይበቃዋል» አለ ሌላው። «ጆሮው ላይ ታስረዋለህ።»

«ሳቁ» አልኋቸው። «በሕይወታችሁ ውሃ የማያስገባ ጉማሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አናውቅም አሉ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ግቢያችን መጣች። ጎረቤቴም የእሱን ይዞ በበሩ ገባ። ሬዚን ባላስተምረው በእንጨት ሠራተኛ ኮላ ደጋግሞ ቀብቶት ነበር። አላበላሸውም፤ ወጉ ያምራል፤ ግን አንስቼ ስመዝነው ከዶሮ የቀለለ ነው። አንድ እሁድ እንኳ አይቆይም አልሁ በሆዴ። ሚስቴ በርጩማ አወጣች።

ልጄ መጀመሪያ የእሱን አጠለቀች። የዳኝነት ንግግሯን ከጭምብሉ ውስጥ ሆና ጀመረች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል። ንግግሩ ረጅም ነው፤ ትንፋሿ ኮላውን እያሞቀው ሲሄድ የታችኛው መንጋጋ ወደ ደረቷ ወረደ። ፍርዱ ላይ ስትደርስ ጉማሬዋ የጥርስ ሕመምተኛ መሰለች። ደስ አለኝ፤ አልደበቅሁትም።

«እርጥበቱ ነው» አለ ጎረቤቴ። «ይሄን ፈርቼ ነበር።»

ቀጥላ የእኔን አነሳች። በሁለት እጇ ነው ያነሳችው። አጠለቀችው። ጀርባዋን ቀና አደረገች። ከውጭ ያለው ሰው ጉማሬ ብቻ ነው የሚያየው፤ ልጄ የምትባል የለችም። «እንግዲህ ተናገሪ» አልኋት። ተናገረች። ከጋን ሥር የሚመጣ ጉርምርምታ ሰማን። ከዚያ የጠራው ዓይኗ እንደ ክረምት መስኮት ጉም ለበሰ። እጇን ዘርግታ አየሩን ዳበሰች፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ገጠማት።

«አባዬ፣ አውጣኝ።»

እኔና እናቷ ጎትተን አወጣናት። ፊቷ ከሻወር የወጣ ይመስላል። ተቀመጠችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

«በዚህ ውስጥ ስናገር የምሰማው ራሴን ብቻ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «አንተን የሆንሁ መሰለኝ» አለች።

ሚስቴ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ጎረቤቴ አልሳቀም፤ ያ ባሰ። ጭምብሉን አንስቶ ከውስጥ በኩል ወደ ብርሃን አነጣጠረ። ብርሃን የሚገባበት የለም።

«ባለሙያው፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ ነገር አይቼ አላውቅም» አለ። «መተንፈሻ ብቻ ቢከፍቱለት።»

«ቀዳዳ?»

«አፍንጫው ላይ፣ አፉ ላይ...»

«ደህና ጀልባ አይበሳም» አልሁት።

«ጀልባ አይደለማ፣ አባዬ» አለች ልጄ። «እኔ ነኝ ውስጡ ያለሁት።» ተነሳች፤ የጎረቤቴን ጭምብል ክንዷ ሥር አደረገች። «የጋሼን አደርጋለሁ። መንጋጋው ቢወርድም እተነፍሳለሁ።»

አጥሩ ድረስ አብረው ሄዱ፤ ስለ መንጋጋው እያወሩ። እኔ ጉማሬዬን ታቅፌ ቀረሁ። ሰው በእጁ ሥራ ላይ የሚመጣበትን ነቀፋ ይችላል፤ የሚከብደው ሌላው ሰው ሲመሰገን ጀርባውን ማየት ነው። ያን ቀን ሁለቱ እንደ አባትና ልጅ ሆነው ነበር የሚሄዱት። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

በማግስቱ ጭምብሉን የሥራ ቦታዬ ጠረጴዛ ላይ አስሬ ትራፓኖውን አነሳሁ። የሕይወት ዘመን ሥራዬ ቀዳዳ መዝጋት ነው። ባለጀልባ ሲመጣ የምጠይቀው የመጀመሪያ ነገር «የት ነው የሚያስገባው?» ነው። ደህና አካል ላይ ትራፓኖ አሳርፌ አላውቅም። አነሳሁ፤ አስቀመጥሁ። ወጥቼ ባሕሩን አየሁ። የጎረቤቴ ጉማሬ ልጄ ራስ ላይ ሆኖ፣ መንጋጋው ወርዶ፣ ሰው እያጨበጨበለት በዓይኔ መጣ። ገባሁና በሳሁት።

ድምፁ ጥርሴን አሳመመኝ። ነጭ ብናኝ እጄ ላይ ወረደ። አፍንጫዋን ጉማሬዋ ከውሃ በላይ በምታወጣበት ልክ ከፈትሁላት። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከአገጯ ሥር ከፈትሁ። አፉን የዘጋሁበትን ፋይበር ቆርጬ አወጣሁና በቦታው ጥቁር ስስ ጨርቅ ወጠርሁ። የዓይኑን ፕላስቲክ ነቀልሁ። እያንዳንዱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ከብቤ ሬዚን ቀባሁት። ቀዳዳ የከፈተ ብዙ ነው፤ እንዲህ አሳምሮ የከፈተ ካለ ይምጣ።

ትምህርት ቤቷ ድረስ ይዤላት ሄድሁ። ሌሎቹ መምህራን ከበቡን። አጠለቀችው፤ ተናገረች፤ ድምፅዋ በጉማሬው አፍ ወጣ። አምባዛ የምትሆነው መምህርት፣ «አባባ፣ ለእኔም ጢም ይሥሩልኝ» አለችኝ። ልጄ ራሷን ግራና ቀኝ አዞረች።

«ይሄ ይሻላል። የአንተን አደርጋለሁ» አለች። «ትንሽ ይወዛወዛል ግን።»

«ጭንቅላትሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፤ ዳኛ አይደለሽ?» አልኋት።

ወደ ቤት ስመለስ በጎረቤቴ በር በኩል ዞሬ ነው ያለፍሁት፤ መንገዱ ይረዝማል። ደጅ አልነበረም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ጎረቤቴ ከኋላ በኩል ቆሞ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት እምቦጭ የሆነው መምህር አረንጓዴ ለብሶ፣ ሐምራዊ ወረቀት አበባ ተጎንጉኖለት መሐል ላይ ተንሰራፍቷል። ከዚያ ዳኛዋ ገባች። ልጆቹ ዝም አሉ። አንዱ ሕፃን ከኋላዬ ማልቀስ ጀመረ፤ ለእኔ ያ ከጭብጨባ በለጠኝ። ጉማሬዋ አምባዛን ሰማች፣ ሻላን ሰማች፤ እምቦጭ ሲቀልድ ድንገት ዞረችበት፤ ጎንበስ ብላ ፊቱ ላይ ራሷን ነቀነቀችበት። ጭምብሉ ከራሷ ጋር አብሮ ሄደ። የራሷ ቆዳ ነበር የሚመስለው። «ከባሕሩ ውጣ» ብላ ስትፈርድ አዳራሹ ተናወጠ።

አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ በክርኔ ነካሁት። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አልሁት። ከፊት ያለውንም ነገርሁት። ሲወጡ በር ላይ ለቆሙትም ነገርሁ። ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። «ይህን የመሰለ እጅ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ልጄ ልብሷን ቀይራ መጣችና ጭምብሉን አስታቀፈችኝ። «ይኸውልህ ጉማሬህ፤ አመሰግናለሁ አባዬ።» ሰዎቹ እያዩ ነበር። ላሳያቸው ብዬ ገለበጥሁት።

ውስጡ የእኔ አልነበረም። ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ በግንባሩ፣ በሰረሰሩና በሁለቱ ጎን ተለጥፏል። ሰፊ ላስቲክ መስቀለኛ ተወጥሮበታል። ግንባር በሚያርፍበት በኩል ላብ የሚጠጣ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቷል። ጠርዙ ሁሉ በማስመሪያ የተቆረጠ ነው።

«ይህን ማን አደረገው?»

«ጋሼ ናቸው። ትናንት ወስጄላቸው ነበር።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር፣ አባዬ። ይወዛወዛል አልሁህ። ጭንቅላትሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢ አልኸኝ።»

በቁጣ አልነበረም ያለችው። በቁጣ ብትለው መልስ ነበረኝ።

ቤት ስደርስ ጭምብሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ውጭው የእኔ ነው፤ ሰው ሁሉ ያጨበጨበው ለውጭው ነው። የልጄን ግንባር የነካው ግን የእሱ ጨርቅ ነው። የስፖንጁን ጫፍ በጥፍሬ ይዤ ሳብሁት። አልለቅ አለ። ደግሜ ሳብሁት፤ ቢላ ካልገባበት አይወጣም። ደህና ተደርጎ የተለጠፈ ነገር ሳይ አውቀዋለሁ። ጭምብሉን ይዤ ተነሳሁና አጥሩን ዞሬ ሄድሁ።

አትክልቱን ያጠጣ ነበር።

«እንዴት አድርገህ ለካሃት?» አልሁት።

አፌ ነው ያመለጠኝ። በዚያ ሁሉ የጉርብትና ዘመን ፊት ለፊት እርስዎ እንጂ አንተ ብዬው አላውቅም፤ በሆዴ ግን አንድም ቀን እርስዎ ብዬው አላውቅም። በሆዴ የነበረው ወጣ። እሱ ግን ፊቱ በራ። ወዳጅ ያደረግሁት መሰለው። አላረምሁትም።

«አልለካኋትም» አለ። «ጠየቅኳት። የት ይነካሻል፣ የት ይሰፋሻል አልኳት፤ እሷ ነገረችኝ። ብዙ አወራን።» የውሃ መያዣውን አወረደ። «ያንተ ጉማሬ ባይኖር ስፖንጄን ምን ላይ እለጥፈው ነበር?»

መልሱ አናደደኝ። ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ። ብዙ አወራን ያለው ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ጎኔን ወጋኝ።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ቴአትሩን ከባሕሩ ማዶ ደልጊ ላሉ ልጆች ሊያሳዩ ተጠሩ። ጀልባ ላይ የሚያዝ ቀለል ያለ ጭምብል ያስፈልግሻል አልኋት። ያስፈልጋት አያስፈልጋት አላውቅም። እሺ አለችኝ።

ወደ ሥራ ቦታዬ መጥታ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን ራሷ ላይ አድርጌ፣ «የት ነው የሚነካሽ?» አልኋት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆነብኝ። እሷም ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መናገር ጀመረች። ሰረሰሯ ጋ ጠበብ እንዲል፣ ግንባሯ ጋ ሰፋ እንዲል። ስትናገር ጉንጯ እንደሚነፋ። ከልጅነቷ ጀምሮ የተዘጋ ጨለማ ቦታ ትንፋሽ እንደሚያሳጣት። ይህን የመጨረሻውን አላውቅም ነበር። ያን እሁድ ያን የታሸገ ነገር ስትለብስ ይህን እያወቀች ነው የለበሰችው፤ እኔ ሠርቼዋለሁና። ምልክቱን በእርሳስ እያደረግሁ ዝም ብዬ ሰማኋት። ከሰዓት በኋላው እንዲሁ ሄደ፤ ከእሷ ጋር እንደዚያ ረጅም ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም።

ጎረቤቴ በባሕሩ ዳር በእግሩ የሚንሸራሸርበት ሰዓት ነበር። ከመንገዱ ላይ ቆም አለ። እኛን አየ፤ እጁን ግማሽ አነሳ። ወደ እኛ ልምጣ ወይስ ልሂድ እያለ እግሩ ሲያመነታ አየሁት። ያን አኳኋን አውቀዋለሁ፤ እኔ በእሱ በረንዳ ፊት መሰላል ይዤ የቆምሁት እንዲያ ነበር። ቀንቶ ከሆነ እሰየው።

«ጋሼ ናቸው» አለች ልጄ። «ጥራቸው እንጂ፣ አባዬ።»

«ቆይ» አልኋት። «ጆሮሽ ጋ አልጨረስንም።»